ሹፌሩ ከሐኪም እኩል የተጻፈበት ብቸኛው ወረቀት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ይናገራል። ማንም ሰው በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ቢያጠፋ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል። ንዑስ አንቀጽ ሁለት ላይ ሲደረስ ግን ቅጣቱ ይከብዳል። ጥፋተኛው የሌላውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል፣ መቀጮውም በላዩ ላይ ይጨመራል። እንዲህ ያለ ግዴታ ያለበት ማነው ለሚለው ሕጉ ሁለት ምሳሌ ጠቅሷል። አንዱ ሐኪም ነው። ሁለተኛው አሽከርካሪ ነው።

ሕጉ አልተሳሳተም። ስልሳ ሰው አሳፍሮ የዓባይን በረሃ ቁልቁል የሚወርድ ሰው፣ ነዳጅ የሞላ ቦቴ ከነተሳቢው እየጎተተ ከተማ መሀል የሚያልፍ ሰው፣ በእጁ የያዘው ሕይወት ሐኪሙ በቀን ከሚያየው አያንስም። ጥያቄው ሌላ ነው። ይህች ሀገር ሹፌርን ከሐኪም ጎን አስቀምጣ የጻፈችበት ሌላ ወረቀት የት አለ? ሐኪሙ የቅጥር ደብዳቤ አለው። የደመወዝ እርከን፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የዓመት ፈቃድ አለው። (ይበቃዋል ማለት አይደለም፤ የጤና ባለሙያዎች በ2017 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው እንደማይበቃቸው ተናግረዋል። ቢያንስ ግን «ይህ ደመወዝ አነሰ» ብለው የሚከራከሩበት ደመወዝ አላቸው።) አብዛኛው ሹፌር ያለው መንጃ ፈቃዱና አንቀጽ 543 ነው።

ስለ «የአሽከርካሪዎች ቀን» የሚነሳውን ሐሳብ ከዚህ ጀምሮ ማየት ይሻላል።

ሐሳቡ ሲቀርብ ጥሩ ይመስላል። መምህራን ቀን አላቸው፣ ነርሶች ቀን አላቸው፣ ለፕሬስ እንኳ ቀን አለ፤ ሹፌሩስ ለምን አይኖረውም? ሌላው ዓለም አለው ይባላል። እውነት ነው፣ አለው። ሶቭየት ኅብረት በ1976 እ.ኤ.አ. የአውቶሞቢል ትራንስፖርት ሠራተኞች ቀን ብላ ደነገገች፤ ቀኑ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ይውል ነበር። ኅብረቱ ሲፈርስ ቀኑ አልፈረሰም። ሩሲያ ይዛው ቀጠለች፣ ዩክሬንም መንገድ ሠሪውን ጨምራ በዚያው እሑድ ስታከብረው ቆየች። አሜሪካኖች ደግሞ በየሴፕቴምበሩ የከባድ መኪና ሹፌሮችን የሚያመሰግኑበት ሳምንት አላቸው።

ግን የሶቭየቱ ቀን ለማን እንደወጣ ይታሰብ። እዚያ ሹፌሩ ደመወዝተኛ ነበር። የሚመዘገብበት ዴፖ፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የሚጠብቀው ጡረታ ነበረው። ሥርዓቱ ሌላ ብዙ ጉድ ነበረበት፣ ያ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ለሹፌሩ ግን በዓሉ የመጣው ከደመወዙ በኋላ ነው። ገበያ ላይ ምርቃት እንደሚባለው መሆኑ ነው። ጤፉ ሳይሰፈር ምርቃት የሚሰጥ ነጋዴ የለም። እዚህ ሊደረግ የታሰበው ግን ባዶ ቁና ላይ መመረቅ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው እንዴት እንደሚኖር እንይ ቢባል፣ ነገሩ በአንድ ቃል ይጀምራል፦ «ገቢ»። ሹፌሩ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ገንዘብ ነው። መንገድ ተዘግቶ ዋለ፣ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ጠፋ፣ ዝናብ ሆነ፣ ገቢው አይቀነስም። ነዳጁ ከተሰበሰበው ላይ ይሞላል። ረዳቱ ከዚያው ይከፈለዋል። ተራ አስከባሪው፣ እጥበቱ፣ የትራፊክ ቅጣቱም ከዚያው ነው። የተረፈው የሹፌሩ ነው፤ ካልተረፈም አልተረፈም። መኪናው ጋራዥ ከገባ ሥራ የለም። ሹፌሩ ከታመመ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ሰው መሪ ይዟል። ይህ ሰው ተቀጣሪ ነው ወይስ ተከራይ? ባለንብረቱ ሲጠየቅ «አብረን ነው የምንሠራው» ይላል። በስልክ መተግበሪያ በሚሠሩት ዘንድ ቃሉ ትንሽ ዘመን ተሻግሮ «አጋር» ሆኗል። አጋርነቱ ትርፉ ሲካፈል ነው እንጂ ጎማ ሲፈነዳ ወይም ወገብ ሲያዝ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

የከባድ መኪናው ሹፌር ይሻላል፤ ወርሃዊ ደመወዝ የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ አለው። ነገር ግን ቤቱን የሚያስተዳድረው በደመወዙ ሳይሆን በጉዞ አበሉ ነው። መኪናው ካልተንቀሳቀሰ አበል የለም። ስለዚህ ይንቀሳቀሳል። ሌሊትም ይንቀሳቀሳል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት አይበልጥም ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት አይለፍ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ደግሞ ከደመወዙ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል። ሹፌር ሠራተኛ አይደለም የሚል አንቀጽ በየትኛውም ውስጥ የለም። ወረቀቱ ስለሌለ ብቻ አይደርሱትም። ስምንት ሰዓቱን ሊያስከብር የሚገባው ሕግ በሌለበት ቦታ ጫት ገብቷል። ሰው «ሹፌሩ ይቅማል» ብሎ ይፈርዳል፤ ነቅቶ ካላደረ አበል የማያገኝ ሰው በምን ነቅቶ እንዲያድር እንደተፈለገ ግን አይጠየቅም።

አደጋ ሲደርስ ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ይገለጣል። የሦስተኛ ወገን መድን ስሙ እንደሚናገረው የሦስተኛ ወገን ነው፤ መሪው ላይ ያለው ሰው ሦስተኛ አይደለም። ከተረፈ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። መኪናው ምርመራው ሲያልቅ ለባለንብረቱ ይመለሳል፣ ተጠግኖም ሌላ ሹፌር ይቀመጥበታል። የታሰረው ሰው ቤት ግን የሚገባ ነገር የለም። ጓደኞቹ መናኸሪያ ላይ ወረቀት ይዘው እየዞሩ ያዋጡለታል። ለሟች ቤተሰብ ሽማግሌ የሚላከውም፣ ጠበቃ ከተገኘም የሚከፈለው፣ ከዚያችው መዋጮ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «የሙያ ግዴታ ያለበት ባለሙያ» ተብሎ የሚጠራው ያን ጊዜ፣ ችሎት ፊት ቆሞ ነው።

አሁን ደግሞ ቀኑ ጸድቆ ሲከበር ይታሰብ። አዳራሹ የአንድ ትልቅ ሆቴል ነው። ቲሸርትና ኮፍያ ታትሟል። አንድ ኃላፊ አሽከርካሪው «የኢኮኖሚው የደም ሥር» መሆኑን ይናገራሉ። («ሹፌር» የሚለው ቃል መድረክ ላይ አይወጣም፤ መድረክ ላይ «አሽከርካሪ» ነው፣ መንገድ ላይ ሲሰደብ ነው «ሹፌር» የሚሆነው።) ሠላሳ ዓመት ያለ አደጋ ያሽከረከሩ አንድ አዛውንት ይጠራሉ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ጋቢ ይለብሳሉ፣ ይጨበጨባል። ጋቢውን የሚያለብሷቸው ሰው «አባቴ፣ ጡረታዎ ስንት ነው?» ብለው አይጠይቋቸውም። ኬክ ይቆረሳል። እንግዶቹን ያመጡት ሹፌሮችስ? ውጭ ናቸው። መኪና ውስጥ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብለው፣ «ጨርሰናል፣ ና» የሚል ስልክ እየጠበቁ ነው። በዚህች ሀገር ያለ ሹፌር የሚካሄድ ስብሰባ የለም፤ ሹፌር የሚቀመጥበት ስብሰባም የለም።

ደግሞስ ቀን ጠፍቶ ነው? ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፣ ሀገር ዘግታ የምታከብረው። አዋጁ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለሠራበት ሰዓት እጥፍ ይከፈለው ይላል። ያን ዕለት ታክሲ ይሠራል፣ የማታውም ገቢ ያው ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በፋሲካ፣ በዒድ ዋዜማ ሰውን ሁሉ ከእናቱ ቤት የሚያደርሰው ሹፌር የራሱን በዓል ብዙ ጊዜ የሚውለው ባደረበት ከተማ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ለዚህ ሰው ሌላ በዓል መጨመር ሌላ የሥራ ቀን መጨመር ነው።

ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ደግሞ የራሱ ወሬ አለው። በጋላፊ በኩል ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሀገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ዘጠና በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ ያልፋል። ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ትልቁ ጭነት ዛሬም የሚወጣው በጎማ ነው፤ ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ነዳጁ። መርከብ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ወደብ ላይ ከቆየ ዲሙሬጅ ይቆጠራል፣ በየቀኑ፣ በዶላር። ኮንቴይነር በጊዜው ካልተመለሰም ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ስለሚባክነው የውጭ ምንዛሪ ብዙ ሪፖርት ቀርቧል፣ ብዙ ተወቅሷል። ሹፌሩ ግን ወደብ ላይ ወይም ጋላፊ ላይ ሰልፍ ይዞ ቀናት ቢቀመጥ፣ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ወቅት ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ቢተኛ፣ ውኃ እየገዛ አበሉን ቢጨርስ፣ ያንን የሚቆጥር የለም። ብረቱ ሲቆም ኪሳራ ይባላል። ሰውየው ሲቆም ስም የለውም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የየብስ ድንበሩ ለሰው ተዘጋ፣ ለጭነት ግን ክፍት ቆየ። ጭነቱ በራሱ አይሄድም። ሁሉም «ቤት ይቀመጥ» ሲባል ሹፌሩ ድንበር ተሻገረ፤ ሲመለስ ደግሞ የመንገድ ዳር ከተሞች እንደ በሽታ አመላላሽ አዩት። በጦርነቱም ጊዜ እንዲሁ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ እንዲያጓጉዙለት በውል የያዛቸው 72 ሹፌሮች ሰመራ ላይ መታሰራቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተናገረ። ልብ ይባል፣ እነዚህ ሰዎች ቁጥራቸው እንኳ የታወቀው ውል ስለነበራቸው ነው። ስማቸውን መዝግቦ «የእኔ ናቸው፣ ይፈቱ» የሚል አካል ስለነበረ ነው።

ከዚያ እገታው መጣ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ተማሪዎች ይዘው ይመጡ የነበሩ አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ እንዲቆሙ ተደርገው ብዙ ተሳፋሪዎች ታገቱ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በየመንገዱ አንድ በአንድ የሚታገተው የጭነት ሹፌር ግን ዜና መሆኑ ቀርቷል። ቤዛ ሲጠየቅ ማን ይክፈል? ባለንብረቱ ቅን ከሆነ ያግዛል። ካልሆነ ሚስት ወርቋን፣ ወንድም በሬውን ይሸጣል። ውል የሌለው ሰው ሲታገት አሠሪ የለውም። «ሠራተኛዬ ሥራ ላይ እያለ ታፈነ» ብሎ የመንግሥትን በር የሚያንኳኳ የለም፤ በአዋጁ መሠረት ግን በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት የአሠሪው ጉዳይ ነው።

እዚህ ጋ አንባቢው የራሱን ቁስል ይዞ ይነሳል። ሹፌሩ ራሱስ? በፖሊስ መዝገብ የሰፈረው ብቻ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና ያልቃል። ሰዉ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ለቀልድ አይደለም፣ ቀብሮ ነው። ተጭበርብሮ የወጣ መንጃ ፈቃድ የአደባባይ ምሥጢር ነው። ትርፍ ጭኖ፣ ጠጥቶ፣ በተከለከለ ቦታ ቀድሞ ሰው የሚጨርስ አለ፤ እሱ ይታሰር፣ ፈቃዱም ይነጠቅ። ይህን የሚከራከር የለም።

ነገር ግን የክሱ ወረቀት ላይ ማን እንደሌለ ይታይ። «ነገ ማታ ሞጆ ካልደረስክ መኪናዬን አስረክብ» ያለው ሰው የለም። ጎማው እንደተላጨ ተነግሮት «አንድ ዙር ይመታልሃል» ያለው ሰው የለም። ገቢውን የጨመረው፣ ለዚህም ሹፌሩን ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት እንዲጭን ያደረገው የለም። ትእዛዙ ሁሉ በቃል ስለሆነ በሌሊት ይነገራል፣ በሌሊትም ይጠፋል። የጽሑፍ ውል ሹፌሩን ለመጥቀም ብቻ የሚፈለግ አይደለም። የሥራ ሰዓቱ ተጽፎ፣ ባለንብረቱ ፈርሞበት ቢገኝ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ሰዓት የደረሰ አደጋ የሁለት ሰው ጥፋት ይሆናል። በአደጋው ልጁን ያጣ ወላጅ የሹፌሩን መታሰር ብቻ ይዞ አይመለስም። ብዙ ባለንብረት ውል የማይወደው ለ11 በመቶው ብሎ ይመስላል፤ ዋናው ፍርሃት ግን ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

«ቀኑ መነሻ ይሆናል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል» የሚሉም አሉ። ቅን ሐሳብ ነው፣ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። ሹፌር በዚህች ሀገር የተደመጠበት ጊዜ አለ፤ ተከብሮ ግን አልነበረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነዳጅ በሃምሳ በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መምህራኑ፣ ተማሪው፣ ወታደሩም ነበሩበት፣ ሁሉንም ለታክሲ መስጠት አይገባም፤ ግን መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ ወሩም ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። (ለሹፌር ቀን ይመረጥ ቢባል በታሪክ የሚገባው የካቲት 11 ነበር። ያን ቀን ግን በዓመቱ የተመሠረተ ድርጅት ለልደቱ ስለወሰደው ክርክሩ አያልቅም።) በየካቲት 2008 ዓ.ም. ደግሞ በነጥብ እየቆጠረ መንጃ ፈቃድ የሚያግድ ደንብ ሲመጣ ታክሲዎች እንደገና ቆሙ፣ ደንቡም ለጊዜው ተላለፈ። ሁለቱም ጊዜ የተጠየቀው አበባ አልነበረም። የዋጋና የቅጣት ጥያቄ ነበር።

ከልብ ለሚያስብ መሥሪያ ቤት መንገዱ ሩቅ አይደለም። ማንኛውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ ለምርመራ ይቀርባል። ፍሬኑ ይታያል፣ ጎማው ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል። አንዱ ከጎደለ ቦሎ የለም። በዚያው መስኮት፣ ለንግድ ሥራ ለሚውል ታርጋ ሁሉ፣ አንድ ወረቀት ይጨመር፦ ይህን መኪና የሚነዳው ሰው የተፈረመ የሥራ ውልና የጡረታ መለያ ቁጥር። ባለንብረቱ ራሱ የሚነዳ ከሆነ ያንኑ ይፈርም። ሁለት ሹፌር ካለው የሁለቱን ያምጣ። ሹፌር ሲቀይር የአዲሱን ያስገባ፤ ዘይት ሲቀይር መዝግቦ የለ?

ባለንብረቶች ታሪፍ ይጨምራል፣ የጭነት ዋጋ ይጨምራል ይላሉ። ይጨምራል። አሁንም ያ ወጪ አለ፤ የሚከፍለው ሹፌሩ በእንቅልፉ፣ መንገደኛውም በሕይወቱ መሆኑ ነው ልዩነቱ። የታክሲ ታሪፍ የሚያወጣው የመንግሥት ቢሮ ነው፣ ስሌቱም ላይ ነዳጅና መለዋወጫ ይነሳል። እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የሹፌርና የረዳት ደመወዝ፣ የአሠሪውን 11 በመቶ ጨምሮ፣ የራሱ መስመር ይኑረው። የተቆረጠ ዕለታዊ ገቢ ይቅርና ሹፌሩ በደመወዝ፣ ከፈለጉም በደመወዝና በኮሚሽን ይሥራ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ያሉት ይበቃሉ። የሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ዓመት ቦሎ የሚሆን አንድ መመሪያ ነው፣ እሱን ለማውጣት ደግሞ ጊዜው አሁን ነው።